ለጁዲታ ውሾች የተገኘው ደግ ሰው

አታምኚኝም፣ ጁዲታ። በአባቴ ታንኳ ብምልልሽም አታምኚኝም። ዛሬ ጠዋት ከቤቴ ስወጣ የባሕሩ ዳር የበረዶ ቆዳ አውጥቷል! ገና በዚህ ወር! በጣቴ ብነካው እንደ ቀዘቀዘ ሾርባ ተሸበሸበ። መርከቡ ዛሬ ከሰዓት ካልደረሰማ አንቺም ሻንጣሽም እስከ ጸደይ እዚሁ ናችሁ... እኔ እንኳ አልጠላውም ነበር።

ተይ፣ አትነሺ። ሻንጣሽ ላይ እንደተቀመጥሽ ሁኚ፤ እኔ እዚህች የተገለበጠች ጀልባ ላይ ቁጭ እላለሁ። ወስፌሽን ልመልስ ነው የመጣሁት። ባለፈው ዓመት ነበር የተዋስኩት፤ ሰው ሲሄድ ዕቃው ይመለስለታል ብዬ። ሌላ ጉዳይ የለኝም። ምን ጉዳይ ይኖረኛል?

ጮክ ብዬ ማውራቴን ደግሞ አትታዘቢኝ። እርጅና ነው፤ ጆሮዬ ሲደክም አፌ በረታ። እዚያ ማዶ ጀርባውን ሰጥቶን ጀልባውን ቅጥራን የሚቀባው ሰውዬ ቢሰማስ ትዪኛለሽ? ይስማ! ስለ እሱ አላወራን። ይቀባ እንጂ፤ ጎበዝ ነው። ጀልባዋ ከባለፈው ክረምት ጀምሮ እየተቀባች ነው፤ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ የት ይገኛል?

እንቅልፍስ ወሰደሽ? አይመስለኝም። ዘጠኙ ውሾችሽ ሲያላዝኑ መንደሩ በሙሉ ሰምቷል። ሻንጣ ያውቃሉ እኮ! ሰው የሚሄድበትን ሻንጣና ዓሣ የሚመጣበትን ሣጥን ይለያሉ። ወደ ልጅሽ ወደ ኑክ ከተማ ይዘሻቸው እንዳትሄጂ እዚያ የኛን ውሻ አያስገቡም፤ ከዚህ ምድር የወጣ ውሻም ተመልሶ አይገባም። ትተሻቸው እንዳትሄጂ ደግሞ አንጀትሽ አይችልም። የሚረከባቸው ከጠፋ ያው... የጎረቤታችን የማሊክ ጠመንጃ አለ። ባልሽ ዮኩም ነፍሱን ይማረውና፣ ከቡችላነታቸው ጀምሮ በእጁ ያሳደጋቸውን፣ እሱ ካለፈ በኋላ አንቺ ራስሽ በረዶው ላይ የነዳሻቸውን ውሾች... ኧረ አይነገርም፤ ተይው።

ግን እግዜር ደግ ነው፤ ሰው ተገኘ አሉ! «ዘጠኙንም እኔ ልውሰዳቸው» ያለ ሰው። መርከቡ ሳይነሳ እሺ ወይ እምቢ ትዪዋለሽ ሲሉ ሰማሁ። እኔ እዚህ ውስጥ አልገባም። የሞተውን አጎትሽን ስም ስለተሸከምኩ አጎቴ እያልሽ ትጠሪኛለሽ እንጂ፣ አጎትነቴ እስከ ውሾችሽ አይደርስም። ብቻ ሰውዬውን ላመሰግንልሽ አሰብኩ። ሰው ሲመሰገን ማን ይጎዳል?

ስሙን አልጠራም። ስም መጥራት ሐሜት ነው፤ እኔ ደግሞ ሐሜትን እናቴ ከጡቷ ጋር ነው ያስጣለችኝ። ሚስቱ ኢቫሉ ትባላለች። ኢቫሉ የምትባል ሴት በዓለም ላይ ስንት አለች? በመንደራችን አንዲት ብቻ ብትኖር የኔ ጥፋት ነው? ቤቱም ቢጫ ነው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቀጥሎ ያለው። ቢጫ ቤት ደግሞ የትም አለ... ኡማናክ ከተማ ብትሄጂ ስንቱን ታያለሽ።

ትናንት በመሰናበቻ ግብዣሽ ላይ ሲናገር ሰምተሽዋል አይደል? አይ አንደበት! ሹካውን ወደ ጣሪያው አንስቶ፣ «ውሻ ማሳደግ ማለት» አለ፣ «በየዕድሜው የሚገባውን ፍቅር መስጠት ነው። ለቡችላ ሙቀት! ለወጣት ትዕግሥት! ለጎልማሳ ብርታት! ላረጀ ክብር!» ቄሱ እንኳ ሾርባውን በአፉ እንደያዘ መዋጥ ረሳ። እኔ አለቀስኩ። ኢቫሉም አልቅሳለች... ብቻ ሽንኩርት እየከተፈች ስለነበር፣ በየትኛው እንዳለቀሰች እርግጠኛ አይደለሁም።

ያለውን ሁሉ ደግሞ ፈጽሞታል! ፍርድ ቤት ቢጠሩኝ እመሰክራለሁ። ቃል በቃል ፈጽሞታል፤ በገዛ ሚስቱ እጅ።

ከሙቀቱ ልጀምርልሽ። ያን ትልቁን ውሻውን ኩንጊን ታውቂው የለ? እኛ ተራዎቹ ቡችላ ሲወለድልን ከእናቱ ጋር ነፋስ በማይገባበት ሣጥን እንተወዋለን። ብርዱን እየለመደ ጸጉሩ ይደርባል፤ ውሻ አይደል? የኛ ሰው ግን አንጀቱ አልቻለም። ኩንጊን ካፖርቱ ውስጥ ሸጉጦ ቤት አስገባው። ቤት ብቻ መሰለሽ? አልጋ ላይ! ኢቫሉ በግራ፣ እሱ በቀኝ፣ ቡችላው መሐል ላይ እንደ አልጋ ወራሽ። የኛ አገር ቡችላ ደግሞ ታውቂዋለሽ፤ ማታ ድመት አክሎ ይተኛና ጠዋት ጥጃ አክሎ ይነሳል። ትንሽ ቆይቶ ኢቫሉ አልጋው ጠርዝ ላይ፣ እንደ ባሕር ወፍ ከገደል አፋፍ ተንጠልጥላ ታድር ጀመር። ከዚያ ወለሉ ላይ ወረደች። እሱ ታዲያ ዝም አላት? በፍጹም! «ለወገብሽ ወለሉ ይሻላል» አላት። ስለ ወገቧ እንዴት እንደሚጨነቅ ተመልከቺ!

ደግሞ፣ «ቡችላ ጥርሱ እስኪጠነክር ሥጋው ታኝኮ ሊሰጠው ይገባል» ይላል። ልክ ነው፤ እናቶቻችንም ያደርጉት ነበር። የእሱ ጥርስ ግን ለንግግር ይፈለጋል። እና ኢቫሉ ከባሕር የታደነ የአቆስጣ ሥጋ እያኘከች ለኩንጊና ለወንድሞቹ ስታጎርስ ትውላለች። ማታ እራቷን ልትበላ ስትቀመጥ ምን ቢላት ጥሩ ነው? «አሁንም ትበያለሽ? ቀኑን ሙሉ ስታኝኪ ውለሽ!»

ሳቅሽ አይደል? ሳቂ እንጂ፤ ዛሬ ሳቅ ያስፈልግሻል። ሰውዬውም ብሩሹን አቆመ፣ አየሽው? ቅጥራኑ አልቆበት ይሆናል።

እሺ፣ ትዕግሥቱስ? ቡችላ ግማሽ ዓመት ሲሞላው በሰንሰለት ይታሰራል፤ ሕግ ነው። ሕግ ባይሆንስ? ያደገ ውሻችን ልቅ ከተለቀቀ የዓሣ ማድረቂያ አያልፍም፤ እግዜር አያሳየን እንጂ ሕፃን ልጅም አያልፍም። ዮኩም ቡችላ ያሰረ ዕለት ምን ያደርግ እንደነበር አንቺ ታውቂያለሽ። ከጎኑ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይውል ነበር፤ መረብ እየጠገነ፣ ቡችላው ሲጮህ እያንጎራጎረለት፣ እስኪለምድ። የኛ ሰው ልቡ ከዮኩም ይሳሳል። «የሰንሰለት ድምፅ ልቤን ይቆርጠዋል» አለና ለቀቃቸው።

ከዚያማ ምን ልበልሽ! ኩንጊና ወንድሞቹ መንደሩን በትዕግሥት ጎበኙት። በመጀመሪያ የማሊክን ዓሣ ከነማንጠልጠያው በሉ። ቀጥለው የቄሱን የአቆስጣ ቆዳ ጫማ፣ ሁለቱንም ቢበሉ ደግ ነበር፣ አንዱን ብቻ በሉ። የዚያን እሑድ ቄሱ በአንድ እግሩ ጫማ፣ በአንድ እግሩ የሚስቱን ነጠላ ጫማ አድርጎ ስለ ይቅርታ ሰበከ። ድምፁ ግን ስለ ይቅርታ የሚሰብክ ሰው ድምፅ አልነበረም። በመጨረሻ የኢቫሉን እናት የሰቨሪኔን የልደት ቀን ሥጋ፣ እንግዳ ተጠርቶ፣ ሙሉ አቆስጣ ከደጅ ተጋድሞ... ሰቨሪኔ ቢላዋዋን ስላ ብትወጣ ያገኘችው ኩንጊን ብቻ ነው፤ ሆዱ ተነፍቶ፣ በጀርባው ተኝቶ፣ «እንኳን ተወለድሽ» የሚላት ይመስል ጭራውን እያወዛወዘ።

በየቤቱ እየዞረ ይቅርታ የሚጠይቅ አያስፈልግም? ያስፈልጋል። እሱ እንዳይሄድ ሰው ሲቆጣ ማየት አይችልም፤ ስስ ልብ አለው ብዬሽ የለ? ኢቫሉ ደረቅ ዓሣ በብብቷ ይዛ ከደጅ ደጅ ዞረች። ስድቡንም እሷ ጠጣችው። ሲመሽባት የብረት ችካል አንስታ፣ ድንጋዩን ራሷ ፈልፍላ፣ ራሷ መትታ ሁሉንም አሰረቻቸው። እሱ መጋረጃው ጀርባ ቆሞ ጆሮውን ደፍኖ ነበር። በማግስቱ ሱቅ በር ላይ ሰው ሰብስቦ ምን አለ? «ውሾቼን ሥርዓት አስያዝኳቸው!» ያልያዘው ነገር የለም እኮ... ጆሮውንም ይዞ ነበር።

ወጣት ውሻ የበረዶ ጋሪ መጎተት ሲማር ደግሞ ሰው ከፊቱ እየሄደ ሊጠራው ይገባል። አንድ ሰው ይሄዳል፣ አንድ ሰው ጋሪው ላይ ይቀመጣል። ማን እንደሚቀመጥ ልንገርሽ ወይስ ታውቂያለሽ? ኢቫሉ ጉልበቷ ድረስ በረዶ ውስጥ እየተዘፈቀች «ና! ና!» ትላለች። እሱ የአጋዘን ቆዳ አንጥፎ፣ ያን ረጅም አለንጋ ይዞ ምክር ይሰጣል። አለንጋው ውሻ እንደማይመታበት፣ ከጎኑ በረዶውን እየመቱ ግራ ቀኝ እንደሚያመለክቱበት የታወቀ ነው። እሱም አንድ ውሻ መትቶ አያውቅም፤ በዚህ ማንም አያማውም። የመታው የራሱን ቆብ ነው። አንድ ጊዜ ደግሞ ጆሮውን... ያንኑ የደፈነውን።

የገመዱን ነገር ማንሳት አልፈልግም። ይቅር። ...ምን ይቅር ነው! ላንቺ ካልነገርኩ ለማን ልንገር? እያንዳንዱ ውሻ በየራሱ ገመድ ነው የሚጎትተው፤ ሲሮጡ እርስ በርስ ይዘላለሉና ገመዱን እንደ ሹሩባ ይጎነጉኑታል። ያ ጉንጉን ሽንቱም ሌላውም ተጋግሮበት እንደ አጥንት ይደርቃል፤ በጓንት አይፈታም። በባዶ እጅ ነው፤ በዚያ ብርድ። አንቺም ፈትተሻል፤ ጣትሽ ያውቀዋል። የኛ ሰው ቆም ይልና፣ «የኔ እጅ ትልቅ ነው፣ ያንቺ ግን ቀጭን ነው፤ ቋጠሮ ውስጥ ይገባል» ይላታል። ለሚስቱ እጅ ግጥም ሲገጥም ሰምተሻል? ትናንት ሳህን ስታቀርብ ጣቶቿን ከፎጣው ሥር የደበቀቻቸው ለምን ይመስልሻል? ቀለበት በዝቶባት ነው?

አሁን የሰውዬው አንገት ቀላ። የዛሬው ነፋስ ክፉ ነው። ምስኪን፣ ቆቡን እንኳ ወደ ታች ቢስበው ምናለበት።

ወደ ብርታቱ ልምጣልሽ። ከሦስት ጸደይ በፊት የነበረውን የውሻ ጋሪ ውድድር አላየሽም፤ ዮኩምን በቀበርንበት ሰሞን ስለነበር ከቤት አልወጣሽም። ዕድል ነው ያመለጠሽ። እኔ እስካሁን ሳስበው ጎኔን ያመኛል።

ውድድሩ ሲቃረብ የኢቫሉ መንጠቆ ሻርክ አወጣ። ታንኳ የሚያህል፣ ምን ታንኳ፣ ቤተ ክርስቲያኑን የሚያህል! ሻርክ ምን እንደሆነ በዚህ ባሕር ዳር ማን አያውቅም? ጡት የሚጠባው ያውቃል። ተሰቅሎ፣ ነፋስ መትቶት፣ ወራት ቆይቶ ካልደረቀ በቀር ውሻን ያሰክራል፤ ሲብስም ይገድላል። ሰቨሪኔ በሩ ላይ ቆማ፣ «ልጄ፣ ስቀለው» አለችው። እንዲህ ብቻ ነው ያለችው። እሱ ሳቀባት። «እማማ፣ ያ የድሮ ሰው ፍርሃት ነው። ትኩስ ሥጋ፣ ትኩስ ጉልበት!» አላት። ኢቫሉ መረቧን ልትሰበስብ ወጣ ባለችበት ያን ሥጋ እየቆረጠ አበላቸው። እግዜር ያሳይሽ፣ በዕድሜው ሙሉ አንድ ቀን ውሾቹን በገዛ እጁ ቢመግብ... ያቺው ቀን ሆነች።

ጠዋት ሰው ሁሉ በረዶው ላይ ወጥቷል። ከኡማናክ እንኳ የመጣ አለ። ምልክቱ ተሰጠ፤ የሌሎቹ ውሾች ተፈተለኩ። የሱዎቹም ተነሱ... ከተኙበት ማለቴ ነው። አንዱ ወደ ባሕሩ ሄደ። አንዱ ወደ ቤቱ። ሁለቱ ተደጋግፈው፣ ግንባር ለግንባር ገጥመው፣ እንደ አዲስ ሙሽሮች ቆሙ። ሌላው የራሱን ጭራ አየና የማያውቀው ሰው ሆኖበት ጮኸበት። አንዲት ትንሽ ሴት ውሻ ዳኛው እግር ላይ ጋደም አለች። ኩንጊ፣ መሪው፣ የበረዶ ክምር ፊት ቆሞ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ፤ መንገድ እንዲለቅለት ነው መሰለኝ። ክምሩ እምቢ ሲለው ቁጭ ብሎ ዘፈነ። ድምፁ ጥሩ ነበር፤ ከቄሱ መዘምራን ቢገባ ያሻሽላቸዋል።

የኛ ሰው ግን አፈረ? ከጋሪው አልወረደም! አለንጋውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ፣ «ጉልበት እየቆጠቡ ነው» እያለ ለተሰበሰበው ያስረዳል። አንደኛ የወጣው ጋሪ ዙሩን ጨርሶ ተመልሶ በአጠገቡ ሲያልፍ እንኳ... ገና እየቆጠቡ ነበር።

ሳቅን፤ እኔ በተለይ። በረዶው ላይ ተንከባለልኩ። ከዚያ ትንሿ ሴት ውሻ አረፋ ደፈቀች። እግሮቿ ይንቀጠቀጡ ጀመር። ሳቁ ቆመ።

ኢቫሉ ከሰው መሐል ወጣች። ማንንም አላየችም፤ እሱንም አላየችም። ቢላዋ አውጥታ ገመዱን ቆረጠችው፤ ስትፈታው የኖረችውን ገመድ። አንድ በአንድ እየጎተተች ነፋስ የማይመታው ድንጋይ ሥር አስጠጋቻቸው። በረዶ አቅልጣ፣ መንጋጋቸውን በጣቷ ከፍታ፣ ለብ ያለ ውሃ አጠጣቻቸው። ካፖርቷን አውልቃ ትንሿ ላይ ጣለችና ራሷ በመሐላቸው ተጋደመች። ሙቀት እንዲህ ነው የሚሰጠው ለካ። እስኪነሱ ድረስ ከዚያ አልተንቀሳቀሰችም፤ ሰቨሪኔ ናት ሾርባ ያመላለሰችላት። አንድም አልሞተ። እኔ ውሻ ሳይሞት ከትኩስ ሻርክ ሲተርፍ ያን ቀን አየሁ።

እሱስ? «አዳንኳቸው» አለ፤ እዚያው ሱቅ በር ላይ። እንዳይዋሽ እውነት ነው። ሚስቱ አይደለችም? እጇስ የሱ አይደለም?

ፀሐይ የማትጠልቅበትን ወር፣ ውሾቹ ደሴቱ ላይ ሲቆዩ በጀልባ ዓሣ የሚመላለስበትን... ልዝለለው። እሱም ዘሎታል። ያን ወር ወገቡን ያመዋል። ቅጥራን ግን ይቀባል፤ ቅጥራን ለወገብ ጥሩ ሳይሆን አይቀርም።

መርከቡ ነው እንዴ ያ? አይደለም፣ ደመና ነው። ...ቆይ፣ ነው! ከደሴቱ ጀርባ ጭሱ ወጣ። አትቸኩዪ፣ ገና ጊዜ አለሽ። እንዲያውም ሰውዬው ብሩሹን አስቀመጠ፤ ለመልስሽ ሊመጣ ይሆናል። ይምጣ፣ ምን ችግር አለ? ሰው ሲመሰገን ቢሰማ ደስ ይለዋል እንጂ።

ክብሩን ሳልነግርሽማ አትሄጂም። ላረጀ ክብር! ዮኩም ያረጀ ውሻውን ለማንም አይሰጥም ነበር። ራሱ የሚወደውን ሥጋ አብልቶት፣ ጆሮውን እያሻሸ፣ ከድንጋዩ ጀርባ ይዞት ይሄዳል። አንድ ጥይት። ሲመለስ የዚያን ቀን ለማንም አያወራም፤ እህልም አይቀምስም። ይህ ሁሉ ጭካኔ ነው አሉ። እኔ ምን አውቃለሁ? ያልተማርኩ ሰው ነኝ። የኛ ሰው፣ «ወዳጄን አልገድልም!» ብሎ ደረቱን መታ። ኩንጊ ጥርሱ አለቀ፤ ወገቡ ወደቀ፤ ቆሞ መሽናት አቃተው። ይኑር! ማን ይኑር አይልም? እኔም ይኑር ባይ ነኝ።

ብቻ ላረጀ ንጉሥ ዙፋን ያስፈልገዋል። እና ኩንጊን ጋሪው ላይ አወጣው። ከአጋዘን ቆዳው በላይ፣ በኢቫሉ የሱፍ ሻርፕ ተጠቅልሎ። እሱም ያው ጋሪውን የሚነዳ ነው፤ መቀመጥ አለበት። ጋሪው ስንት ሰው ይይዛል? ሁለት። ባለፈው ክረምት ዓሣ ወደሚጠመድበት በረዶ ሲሄዱ ስንት ጊዜ አየኋቸው! ፊት ወጣቶቹ ይጎትታሉ፤ ላይ ኩንጊና ጌታው ትከሻ ለትከሻ ገጥመው አገሩን ያያሉ። ኋላ ኢቫሉ። ዳገት ላይ ሁለቱን የእንጨት እጀታዎች ይዛ ትገፋለች። አንድ ቀን ሻርፑ ከኩንጊ ትከሻ ሲንሸራተት ጋሪውን አስቆመ! ደስ አለኝ፤ ይኸው አሰባት ብዬ። «ብርድ እንዳይመታው፣ ነይ አልብሺው» አላት።

እሷ ታማርራለች ብለሽ እንዳታስቢ። ኢቫሉ ቃል አይወጣትም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ዓሣ ስንሰነጥቅ፣ ቀና ሳትል ጠየቀችኝ። «ሴት በራሷ ስም ውሻ ይኖራታል?» አለችኝ። «ጁዲታ ዘጠኝ አላት» አልኳት። ቢላዋዋ ለአፍታ ቆመ... እኔም ማየት የለብኝምና ወደ ባሕሩ ዞርኩ።

አሁን ዘጠኝ ሊጨመርላት ነው። ሊጨመርለት ማለቴ ነው! ይቅርታ፣ ምላሴ ነው። ለማን ስጪ ማለት የኔ ፋንታ አይደለም። መርከቡ ሲጠጋ ሰንሰለቱን ለማን እንደምታስጨብጪ አንቺ ታውቂያለሽ። ብቻ የምታስጨብጪው ለእጅ ይሁን።

ኧረ! ዋናውን ረስቼው! ትናንት ለውሾችሽ ዓሣ ልትጥዪላቸው ወጣ ስትዪ ያመለጠሽ ነገር አለ። የኛ ሰው ከወንበሩ ተነሣ። «የጁዲታን ዘጠኝ ውሾች እኔ ልወስዳቸው ነው» አለ። ቤቱ ሁሉ አጨበጨበ። ቄሱ እንኳ ጫማውን ወደ ወንበሩ ሥር እየሳበ አጨበጨበ። የኛ ሰው ዓይኑ እንባ አቅርሮ ወደ አማቱ ዞረ፤ «እማማ፣ እስቲ መርቂኝ» አላት። ሰቨሪኔ የምትቆርጠውን ሥጋ አስቀመጠች። እጇን በፎጣ ጠረገች። በሩ አጠገብ ውሃ ተሸክማ የቆመችውን ልጇን አየቻት፣ አየቻት፣ ከዚያ ሁለት እጆቿን ወደ ላይ ዘረጋች፤ እኛም አሜን ልንል ጎንበስ አልን፤

«የኔ ልጅ፣ እግዜር ይባርክህ፤ ውሾቹንም ያሳድግልህ። ለኢቫሉም የኩንጊን እርጅና ይስጥልኝ... ጥርሷ አልቆ፣ ወገቧ ወድቆ፣ መቆም ሲያቅታት፣ እሷም በተራዋ ጋሪህ ላይ ትቀመጥ!»